ሠላሳ ሁለት ድርብ ፌስታል፦ የክበባችን የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ሳምንት 1

የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን ተረከብኩ። ማንም ስላልፈለገው እኔ ላይ ወደቀ ቢባል ይሻላል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፣ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ በእግር ሩብ ሰዓት። የተረከብኩት ንብረት፦ ሁለት የዛገ አካፋ፣ አንድ የተቀደደ ባነር፣ የ46 ልጆች ስም ዝርዝር። የሚመጡት 19 ናቸው።

ዘንድሮ ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን መበተን አልፈልግም። ርዕሱን ፍጆታ አደረግኩት። ምን እንገዛለን፣ ምን እንጥላለን፣ የት ይሄዳል። ወረቀት ላይ የሚያምር ርዕስ ነው። ከተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች 12ኛው ስለዚሁ ነው፤ ንዑስ ግብ 12.8 ደግሞ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የትም ያለ ሰው ስለ ዘላቂ አኗኗር መረጃና ግንዛቤ ይኑረው ይላል። ከዚያም በፊት በ1992 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ የወጣው የመንግሥታቱ የድርጊት ዕቅድ፣ አጀንዳ 21፣ ስለ ትምህርት ሙሉ ምዕራፍ አለው፣ 36ኛው። ከ2005 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ደግሞ የዘላቂ ልማት ትምህርት አሥር ዓመት ተብሎ ነበር። እኔ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተማሪ ነበርኩ፣ አንድም ቀን ቆሻሻ መዝኜ አላውቅም። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የምትለዋን ግን ተኝቼም እጽፋታለሁ።

ጥቅምት፣ ሳምንት 2

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነው።

ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ ንግግር አደረግኩ። ከሰኞ ጀምሮ ፌስታል ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሰኞ ጠዋት ዘበኛው አባባ በር ላይ ቆመው 30 ገደማ ፌስታል ሰበሰቡ። ውስጡ የነበረው ደብተር ነው።

ማክሰኞ ከአንድ ክፍል ብቻ ሦስት ልጆች ቀሩ። ረቡዕ አንዷ ደብተሮቿን በሻሽ ቋጥራ መጣችና ከክፍለ ጊዜ በኋላ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ቀንሱ ብለውናል። እኔ ምኑን ልቀንስ?» አለችኝ። ስታሾፍ አይደለም፣ የምር እየጠየቀች ነው። ያቺ ፌስታል ቦርሳዋ ናት። ከመስከረም ጀምሮ አጥፋ ዘርግታ የያዘቻት አንዲት ፌስታል። ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን ቆጠርኩ፤ ከሱቅ፣ ከአትክልት ተራ፣ ከዳቦ ቤት በአንድ ሳምንት ያስገባሁት 11 ነው።

ሐሙስ ክልከላውን በዚያው ማይክ አነሳሁ። ፊቴ እየጋለ።

ለልጆቹ ቀንሱ ማለቱን ትቼ መቁጠር እንድንጀምር ወሰንኩ። ማን ምን ያህል እንደሚጥል ሳናውቅ ማንን ነው የምንመክረው?

ጥቅምት፣ ሳምንት 3 እና 4

የአምስት ቀን የግቢ ቆሻሻ ለይተን ልንመዝን ነው። የተገዛ ዕቃ፦ የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን ከቅዳሜ ገበያ 450 ብር፣ ስድስት ባዶ ማዳበሪያ በ35 ብር፣ 12 ጥንድ ጓንት 240 ብር። ድምር 900። ግማሹ ከክበቡ መዋጮ፣ ግማሹ ከኪሴ። መለያያ ሸራ ከመጋዘን ተዋስን።

የሰኞው ልኬት ተበላሸ። ሌሊት ካፊያ ጥሎ ገንዳው ውስጥ ያለውን ወረቀት አርሶት ነበር፣ ሲመዘን እጥፍ ሆነ። ጣልነው፣ ከማክሰኞ እስከ ሰኞ አዲስ አምስት ቀን ጀመርን። ገንዳው ላይ ቆርቆሮ አደረግንበት።

ሌላው ችግር ሚዛኑ ነው። ከ200 ግራም በታች የሆነ ነገር ሲሰቀልበት አይነቃነቅም። ባዶ ሃይላንድ ለእሱ ነፋስ ነው። ስለዚህ 20 ሃይላንድ በአንድ ፌስታል (አዎ፣ በፌስታል) አስረን ሰቀልን፣ 340 ግራም። አንዱ 17 ግራም ደረሰው። ከዚያ በኋላ ቀላል ነገሮችን መቁጠር ብቻ ሆነ።

ውጤቱ፦ ወረቀት 31 ኪሎ። ልጣጭና የምግብ ትርፍራፊ 22 ኪሎ። ሃይላንድ 214 ፍሬ፣ 3.6 ኪሎ ገደማ። ፌስታል 388 ፍሬ። የማስቲካና የብስኩት ልባስ ቆጥረን ቆጥረን ሰለቸን፣ ተውነው።

ወረቀቱ ላይ ቆም አልን። ከ31 ኪሎው 19ኙ የመጣው ከቢሮና ከመምህራን ማረፊያ ቅርጫት ነው። ልጆቹ ፊታቸው በራ። አንዱ «ለእነሱም ሰልፍ ላይ ይነገራቸዋ» አለ። ሳቅኩ፣ ግን እውነቱን ነው። ፌስታል የነጠቅናቸው ልጆች ከግቢው ሰው ሁሉ ትንሽ የሚጥሉት ናቸው።

ኅዳር፣ ሳምንት 1

አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ «ፌስታል በሕግ ተከልክሏል ይባላል፣ ሱቁ ታዲያ ለምን ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀ። ሕጉን አብረን አየነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ፣ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይላል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ደግሞ ፌስታልን ከነጭራሹ ከልክሏል። በመሐሉ 18 ዓመት አለ። ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት ሕግ ነበረ ማለት ነው።

«0.03 ምን ያህል ነው?» አሉ። እንለካዋ።

አጠገባችን ካለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ቨርኒየር ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) በፊርማ ተዋስን። ትንሹ ንባቡ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ፌስታል ሲነክስ ምንም አያሳይም። መላው ማጠፍ ነው፤ ደራርቦ ለክቶ ለድርቡ ማካፈል። አንዱን ጥቁር ስስ ፌስታል አራት ጊዜ አጠፍነው። አንዴ ሲታጠፍ 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16። ካሊፐሩ 0.5 አለ። 0.5 ለ16 ሲካፈል 0.031። ከ0.03 በላይ! በ1999ኙ አዋጅ ሕጋዊ ነው!

ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ደግሞ ቸኩለው በዕረፍት ሰዓት አስተላለፉት፣ «ክበባችን ባደረገው ምርምር» ብለው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ የ7ኛ ክፍል ልጅ ያንኑ ፌስታል ዘርግታ እፍ ብላ ነፋችው። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሆና «ቲቸር፣ ይኼ'ኮ ሆድ አለው» አለች። ሁላችንም ዝም። ፌስታል ገና ሳይታጠፍ ፊትና ጀርባ አለው፣ ሁለት ነው። አራቴ ሲታጠፍ 32 እንጂ 16 አይደለም። 0.5 ለ32፣ 0.0156። የሕጉ ግማሽ ብቻ። በአንዲት እፍታ ሕጋዊው ሕገ ወጥ ሆነ።

እኔ፣ ሳይንስ አስተማሪው ሰው፣ ይህን አላየሁም። ይጻፍልኝ።

እንደገና ስንሠራው ሌላ ስህተት አገኘን፤ በድርቦቹ መሐል አየር አለ። የታጠፈውን ፌስታል በሁለት ወፍራም መዝገብ መሐል አስገብተን አንድ ልጅ አሥር ደቂቃ ተቀመጠበት። ንባቡ ወደ 0.45 ወረደ፣ 0.014 ማለት ነው። ከአካባቢው ሱቆች ዘጠኝ ዓይነት ሰብስበን ሁሉንም እንዲሁ ለካን። ሰባቱ ከ0.03 በታች። ሁለቱ በላይ፣ እነሱም የልብስ ቤቶቹ ወፍራም ማንጠልጠያ ያላቸው። ሚኒ ሚዲያው በማግስቱ ማረሚያ አወጣ። ከመጀመሪያው ዜና ይልቅ ማረሚያው ተደመጠ፣ የልጅቷ «ሆድ አለው» የግቢ ቀልድ ሆነ።

ከዚህ በላይ የጠቀመን ግን የሒሳብ መምህሩ ነው። ፌስታሏን ወስዶ 2 ኃይል 5 ማስተማሪያ አደረጋት። የእኔ ክበብ በሳምንት 40 ደቂቃ አለው፣ 19 ልጅ። እሱ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ አለው፣ ሙሉ ክፍል። እኔ «የፍጆታ ትምህርት» የሚባል ነገር ለብቻው ላቆም ስደክም እሱ ያለ ምንም ወጪ ሒሳብ ውስጥ ከተተው። የአማርኛ መምህሯም ቀጠለች፤ «ፌስታል ሳይመጣ ገበያ በምን ይኬድ ነበር?» ብላችሁ አያት ጠይቁ ብላ ድርሰት አዘዘች። ዘንቢል፣ አገልግል፣ ስልቻ፣ ቅል፣ ለቅቤ የኮባ ቅጠል መጣ። አንድ ልጅ ደግሞ አያቱ «ገበያ የምገዛው ነገር መቼ ነበረኝ» እንዳሉት ጽፏል። ሙሉ ነጥብ አገኘ።

ኅዳር 13

ትናንት ኅዳር ሲታጠን ነበር። ለመሸጥ ያጠራቀምነው ሦስት ማዳበሪያ ሃይላንድ ከመጋዘኑ ጀርባ አብሮ ታጠነ።

ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም። ግቢ ለማጽዳት ብሎ ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፣ ያኔ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ። ያኔ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቡትቶ፣ እበት ነበረ። አሁን ፕላስቲክ ነው፣ ጭሱም መርዝ ነው። ጠዋት ስደርስ መሬቱ ላይ የቀለጠ ጥቁር ድልህ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። በአካፋ ሲፋቅ አብሮት አፈር ይነሳል።

ልጆቹ ተናደዱ፣ «ማጠን ይከልከል» የሚል ማስታወቂያ ሊለጥፉ ነበር። ክልከላን በተመለከተ ልምድ አለኝ፣ አልኳቸው። በምትኩ ለሚቀጥለው ኅዳር 10 አንድ ሥራ ቀጠሮ ያዝን፤ ከመታጠኑ በፊት ሰፈር ለሰፈር ፕላስቲኩን ለይቶ ማውጣት። ሃይላንዱም ከእንግዲህ አይከማችም፣ በየሳምንቱ ዓርብ ቆራሌው ይጠራል። በኪሎ 18 ብር ተስማማን። ያለ ስብከት ሪሳይክል ሲያደርግ የኖረ ሰው ቢኖር እሱና የልዋጭ ሴቶቹ ናቸው፣ አንድ ቀን ክፍል ጠርቼ ላስተምርበት እያሰብኩ ነው።

ታኅሣሥ

እምቦጭ። ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሐይቁስ?» ሲሉ ነበር። ትክክል ናቸው፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ሆኖ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፣ እኛ አፍንጫው ሥር ተቀምጠን ስለ ፌስታል እናወራለን። አረሙ መነሻው አማዞን ነው፣ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታየ፣ የባሰበት በሰሜን ምሥራቁ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ የሚገባ ፍሳሽ ይመግበዋል። ፍጆታና ሐይቅ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። እኛ የምንጥለውን እሱ ይበላል።

ሐሳባችን ኮምፖስት መሥራት ነበር። ቅዳሜ ከዳርቻው ሁለት ማዳበሪያ ሞልተን በባጃጅ አመጣን። ባጃጁ ውስጥ ውኃ ተንጠባጥቦ ሹፌሩ ተቆጣ፣ 100 የተስማማነውን 200 አስከፈለን። ስንመዝነው 18 ኪሎ።

ማታ ስለ ሐይቁ ለሚያጠና ወዳጄ ፎቶ ላኩለት። ወዲያው ደወለ፣ ሰላምታም የለ። «አበባ አለው እኮ! ማን አንቀሳቅሱ አላችሁ?» ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ አበባ የያዘውን ከዳርቻው ማራቅ ማለት ለሌላ ኩሬ መዝራት ነው። ሰኞ አበባና ሥሩን ቆርጠን ለየብቻ አደረቅንና አቃጠልነው። ቅጠልና ግንዱን ሲሚንቶ ላይ ዘጠኝ ቀን አሰጣነው። የደረቀው ሲመዘን 1.3 ኪሎ። 18 ኪሎ ተሸክመን አብዛኛው ውኃ ነበር። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ አስተምሬው አውቃለሁ፣ ባጃጅ ላይ ግን ትዝ አላለኝም።

ሁለተኛ እምቦጭ አላመጣንም። የኮምፖስቱ ሳጥን ግን ቀረልን፣ ከአሮጌ ዴስክ እንጨት የተሠራ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ሚስማር 90 ብር። ከሻይ ቤቷ የሚወጣውን የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ሞላንበት። በስድስተኛው ቀን ሸተተ። ዝንቡ 7ኛ ሀ ድረስ ደረሰ፣ ቅሬታ መጣ። ምክንያቱ እርጥቡ በዝቶ ደረቁ ጠፋ። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዘርግተን የተጠረገ ደረቅ ቅጠልና ጭድ ሁለት እጥፍ ቀላቅለን እንደገና ደረደርነው። ሽታው በአራት ቀን ጠፋ።

ሙቀቱን ለማወቅ የላብራቶሪ ቴርሞሜትር ሰክቼ ሰበርኩ። (በራሴ ይተካል።) ከዚያ ዘበኛው አባባ ገበሬ እንደነበሩ አስታወሱንና የዱላውን መላ አሳዩን። ደረቅ ዱላ መሐሉ ላይ ሰክቶ መተው፣ ከቀናት በኋላ ነቅሎ መዳሰስ። ሞቅ ብሎ ረጠብ ካለ ደህና ነው፣ ደረቅ ከሆነ ውኃ ይጨመር፣ ቀዝቅዞ ከሸተተ ይገላበጥ። ዋጋው ዜሮ።

ጥር

ፈተና ሰሞን ነው፣ የቢሮውን ወረቀት ደግሞ አልረሳነውም። ልጆቹ ስሌቱን ሠርተው ለርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ አስገቡ። 610 ተማሪ፣ 8 ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ 3 ቅጠል፣ 14,640 ቅጠል። ኤ4 ባለ 80 ግራሙ አንድ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል፣ 73.2 ኪሎ ወረቀት ነው። ግራና ቀኝ ቢታተም 3ቱ ቅጠል 2 ይሆናል፣ ወደ አሥር የሚጠጋ ደስጣ ይተርፋል።

ርዕሰ መምህሩ ዋጋውን ሲሰሙ ወዲያው እሺ አሉ። ማባዣ ማሽኑ ነው እምቢ ያለው። የፊቱ ገጽ ቀለም ሳይደርቅ ሲገለበጥ ያጨማልቃል፣ ወረቀትም ይነክሳል። አባዢዋ እህታችን አንድ ሌሊት አሳድራ ስትሞክረው ሠራ። ችግሩ ፈተናውን ቀድሞ የሚያስረክብ መምህር ጥቂት ነው። ሦስት ትምህርት ብቻ ደረሰ። የተረፈው 1,830 ቅጠል፣ 9.15 ኪሎ። ካሰብነው ግማሽ አልሞላም። ከዘገዩት አንዱ እኔ ነኝ።

ያለፈው ዓመት የፈተና ጀርባ ባዶ ስለሆነ በሲባጎ እየሰፋን የመሞከሪያ ደብተር አደረግነው። ጥቂቱን ደግሞ ሻይ ቤቷ ሳምቡሳ እንድትጠቀልልበት ሰጠናት፣ ከፌስታል ይሻላል ብለን። ሳምቡሳው በሁለት ቀን ተሸጦ አለቀ። ለካ ወረቀቱ ላይ የተሠራ መልስ አለበት፣ ልጆቹ ጥያቄ ይደገማል ብለው እየገዙ ይሰበስባሉ። ዘይትና የማባዣ ቀለምም አብሮ አይበላም፣ አቆምነው።

የካቲት፣ ሳምንት 2

በሳምቡሳ መጠቅለያው ምትክ ለሻይ ቤቷ 24 የብረት ሳህን በ55 ብር ገዛን፣ 1,320። ገንዘቡ የቆራሌውና የወላጆች መዋጮ ነው። መያዣው የተማሪው ባጅ ነው፤ ሳህኑ ሲመለስ ባጁ ይመለሳል። ውኃ በሚጠፋባቸው ቀናት ማጠቢያ ሁለት ጄሪካን ቀድሞ ይሞላል፣ ተራው በክፍል ነው። እስካሁን አምስት ሳህን ጠፍቷል፣ ሦስት ባለቤት የሌለው ባጅ አለ። ሒሳቡ አይገጥምም፣ እየተጣራ ነው።

ቦርሳው። ከባዶ ማዳበሪያ የደብተር ቦርሳ እናሰፋለን ብለን ነበር፣ ከአንዱ ሁለት ይወጣል፣ ልብስ ሰፊው በ40 ብር። የመጀመሪያዎቹ ከተቆረጡበት እየተተረተሩ በሳምንት ተበተኑ፤ አሁን ጠርዙ በሻማ ይተኮስና ሁለቴ ታጥፎ ይሰፋል፣ ይዟል። የባሰው ጥፋት የስርጭቱ ነው። ፌስታል ለሚይዙት ልጆች መጀመሪያ እንስጥ አልኩ፣ በዝርዝር። አንዳቸውም አልወሰዱም። የዝርዝር ቦርሳ ማን ይይዛል፣ እኔም አልይዝ። ዝርዝሩን ቀደድኩ። ሚኒ ሚዲያዎቹ ስማቸውን ጽፈውበት መያዝ ጀመሩ፣ እኔም አንድ ያዝኩ፣ የሒሳብ መምህሩም። ከዚያ ፍላጎቱ መጣ። እስካሁን 14 ወጥቷል።

ትናንት ያቺ በሻሽ ቋጥራ የመጣችው ልጅ መጥታ «ኪስ ያለው ይሠራል?» አለች። ኪስ ሲጨመር ልብስ ሰፊው 15 ብር ይጠይቃል። ራሷ ትሰፋዋለች፣ መርፌና ክር ሰጠኋት።

ኮምፖስቱ ተነፋ፣ ሁለት ማዳበሪያ ተኩል ወጣ። ለጎመን መደብ ይሆናል።

ለሰኞ፦ ካሊፐሩ ይመለስ፣ ከተዋስነው ሦስት ወር አለፈው። ቴርሞሜትር ይገዛ። አምስቱ ሳህን ይፈለግ። የግንቦት ፈተናዬን አሁኑኑ ልጻፍ።